በከባድ ጉዳት የተጎዱ ሕሙማን የሰውነት ሜታቦሊዝምና የምግብ ሕክምና

መግቢያ

በመኪና አደጋ፣ ከከፍታ በመውደቅ፣ በጥይት ወይም በእሳት ቃጠሎ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ወደ ሆስፒታል የሚገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያስፈልገው እርዳታ በሚገባ የታወቀ ነው። የአየር መተላለፊያው ክፍት መሆኑ ይረጋገጣል፤ የሚፈሰው ደም እንዲቆም ይደረጋል፤ ፈሳሽና ደም ይተካለታል፤ የተሰበረው አጥንት ይደገፋል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይወሰዳል። ከዚህ በኋላ በዎርድ ተኝቶ በሚያሳልፋቸው ቀናት ግን ስለ ምግቡ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ አስታማሚው ብቻ ነው። «መቼ ይብላ?» ለሚለው ጥያቄ «ግሉኮስ ተሰክቶለታል» የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ እርሱም ይህንን ሰምቶ ይጽናናል።

ይህ መልስ በቀላል ስሌት ሊፈተሽ ይችላል። አንድ ሊትር ባለ 5 ከመቶ ዴክስትሮስ የያዘው 50 ግራም ስኳር ሲሆን፣ ከዚህ የሚገኘው ኃይል 170 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ሕመምተኛው በቀን 3 ሊትር ቢሰጠው እንኳ የሚያገኘው 510 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ፕሮቲን ግን ፈጽሞ አያገኝም። ኖርማል ሳላይንና ሪንገር ላክቴት ደግሞ ለደም ዝውውር እንጂ ለምግብነት የሚቆጠሩ አይደሉም። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጎልማሳ ቁስለኛ በማገገሚያው ወቅት በቀን ቢያንስ 1500 ኪሎ ካሎሪና 72 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ስለዚህ በግሉኮስ ብቻ አንድ ሳምንት የቆየ ቁስለኛ አንድ ሳምንት የተራበ ቁስለኛ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከባድ ጉዳት በሰውነት ሜታቦሊዝም ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ፣ ምግብ መቼ፣ ምን ያህልና በምን መንገድ እንደሚሰጥ፣ እንዲሁም ሲሰጥ መወሰድ ያለበትን ጥንቃቄ ያብራራል። መነሻውም ምግብ እንደ መድኃኒት ሁሉ በመጠንና በሰዓት ሊታዘዝ፣ ሊሰጥና ሊመዘገብ የሚገባው የሕክምና ክፍል ነው የሚለው ሐሳብ ነው።

ዕውቀቱ የተገኘበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1936 ሂራም ስተድሊ የተባሉ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በጨጓራና በትንሹ አንጀት ቁስለት ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሕሙማን መዝግበው አንድ ልዩነት አሳዩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከክብደታቸው ከ20 ከመቶ በላይ ካጡት መካከል 33 ከመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ ያን ያህል ካልከሱት መካከል የሞቱት 3.5 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የሕመምተኛው መክሳት በራሱ ለሞት የሚያጋልጥ መሆኑ በቁጥር የታየው በዚህ ነበር።

በዚያው ዘመን በስኮትላንድ ግላስጎ ከተማ ዴቪድ ካትበርትሰን የተባሉ ተመራማሪ የእግር አጥንታቸው የተሰበረ ሕሙማንን ሽንት በየቀኑ ይመረምሩ ነበር። በሽንት የሚወጣው ናይትሮጅን ከተሰበረው አካባቢ ብቻ ሊመጣ ከሚችለው እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኙት። ከዚህም የተነሣ ጉዳቱ የደረሰው በአንድ አጥንት ላይ ቢሆንም የሚፈርሰው የመላው ሰውነት ጡንቻ መሆኑን ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ ሁለት ተከታታይ ምዕራፎች እንዳሉት ጻፉ፤ ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ ድረስ ያገለግላል።

የሜታቦሊዝም ምዕራፎች

የመጀመሪያው የመርገብ ምዕራፍ ሊባል ይችላል። ጉዳቱ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ በአብዛኛው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። በዚህ ጊዜ የሰውነት ሙቀት፣ የኦክስጅን ፍጆታና ልብ የሚረጨው ደም መጠን ይቀንሳሉ። አድሬናሊንና ኮርቲሶል በብዛት ስለሚመነጩ በጉበት የተከማቸው ግላይኮጅን ወደ ደም ይለቀቃል፤ በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠንም ከፍ ይላል። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሕክምና ደምን ማቆምና የደም ዝውውርን መመለስ ነው፤ ሾክ ውስጥ ያለ ሕመምተኛ አንጀቱ በቂ ደም ስለማያገኝ ምግብ አይሰጠውም።

ሁለተኛው የመፋጠን ምዕራፍ ነው። የደም ዝውውሩ ከተስተካከለ በኋላ ይጀምርና እንደ ጉዳቱ ክብደት ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይዘልቃል፤ በከባድ ቃጠሎ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የልብ ምት ይፈጥናል፤ ሙቀት ይጨምራል፤ የኃይል ፍጆታም ያድጋል። የረጅም አጥንት ስብራት የኃይል ፍጆታን ከ10 እስከ 25 ከመቶ፣ በብዙ የሰውነት ክፍሎች ላይ የደረሰ ጉዳት ከ30 እስከ 50 ከመቶ ሊጨምር ሲችል፣ ሰፊ ቃጠሎ ደግሞ እስከ እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል።

ሦስተኛው የመገንባት ምዕራፍ ነው። ቁስሉ ሲሸፍን፣ ኢንፌክሽኑ ሲጠፋና ሕመሙ ሲቀንስ ሰውነት የፈረሰውን መልሶ መሥራት ይጀምራል። የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፤ ጡንቻም ቀስ በቀስ ያገግማል። ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ ወደ ቤቱ የሚላከው በዚህ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ የመገንባቱ ሥራ የሚከናወነው ከሆስፒታል ውጪ ነው።

የተራበና የተጎዳ ሰው ልዩነት

ጤነኛ ሰው ምግብ ሲያጣ በጉበቱ ያለው ግላይኮጅን በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል። አንጎል በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ስለሚፈልግና ስብ በቀጥታ ወደ ግሉኮስ ስለማይለወጥ፣ ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡንቻን ያፈርሳል። ይሁን እንጂ ቀናት ባለፉ ቁጥር አንጎል ከስብ የሚገኙትን ኪቶኖች መጠቀም ይለምዳል፤ በሽንት የሚወጣው ናይትሮጅንም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በቀን ወደ 3 እስከ 5 ግራም ዝቅ ይላል። ረሃብ የተላመደ ሰው ለሳምንታት በሕይወት ሊቆይ የሚችለው በዚህ የቁጠባ ሥርዓት ነው።

ከባድ ጉዳት ይህንን ቁጠባ ያፈርሳል። ኮርቲሶል፣ ግሉካጎን፣ አድሬናሊን እንዲሁም በብግነት ጊዜ የሚመነጩት ሳይቶካይኖች ጡንቻ ያለማቋረጥ እንዲፈርስ ያዛሉ፤ ኢንሱሊንም ሥራውን በሚገባ ማከናወን ይሳነዋል። ከጡንቻ የሚወጡት አሚኖ አሲዶች በጉበት ወደ ግሉኮስ ይለወጣሉ፤ ከፊሉ ደግሞ ለቁስል መጠገኛ፣ ለነጭ የደም ሕዋሳትና ጉበት ለሚሠራቸው የብግነት ፕሮቲኖች ይውላል። በዚህ ሁኔታ በሽንት የሚወጣው ናይትሮጅን በቀን ከ15 እስከ 20 ግራም ሊደርስ ይችላል።

የዚህ ቁጥር ትርጉም ግልጽ መሆን አለበት። 1 ግራም ናይትሮጅን 6.25 ግራም ፕሮቲንን ይወክላል፤ ይህም 30 ግራም ከሚያህል ጡንቻ የሚገኝ ነው። በቀን 15 ግራም ናይትሮጅን የሚያጣና ምንም ፕሮቲን የማያገኝ ሰው በየቀኑ ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ፣ በ10 ቀን ደግሞ 4.5 ኪሎ ግራም ያህል ጡንቻ ያጣል ማለት ነው። የሚመነምነውም የእጅና የእግር ጡንቻ ብቻ አይደለም። ዲያፍራምና የጎድን ጡንቻዎች ሲደክሙ ሕመምተኛው አክታውን በሳል ማስወጣት ያቅተዋል፤ የሳንባ ምችም ይከተላል። ቁስል ይዘገያል ወይም ይከፈታል፤ የመኝታ ቁስል ይበዛል፤ የተጠገነ አንጀት መልሶ ሊያፈስ ይችላል። ሕመምተኛው ከ3 ሳምንት በኋላ በኢንፌክሽን ሲሞት የሞቱ ምክንያት ተብሎ የሚመዘገበው ኢንፌክሽኑ ነው፤ መንገዱን የጠረገው ረሃብ ግን በመዝገቡ ላይ አይታይም።

ይሁን እንጂ ምግብ ብቻውን ይህንን መፍረስ ሙሉ በሙሉ አያቆምም። የመፋጠኑ ምክንያት ቁስሉና ብግነቱ ስለሆኑ፣ የሞተን ሥጋ ቶሎ ማስወገድ፣ ስብራትን ማጽናት፣ መግልን ማፍሰስ፣ ሕመምን ማስታገስ፣ ሕመምተኛውን ከብርድ መጠበቅና ቶሎ ከአልጋ ማንቀሳቀስ የምግብ ሕክምናው አጋሮች ናቸው። የምግብ ድርሻ የሚፈርሰውን በከፊል መተካትና ሰውነት ለጥገና የሚያስፈልገውን ማቅረብ ነው።

ምግብ መቼ ይጀመር?

የደም ዝውውሩ የተረጋጋ ሕመምተኛ ጉዳቱ በደረሰ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በአፍ ወይም በቱቦ ምግብ ሊጀመርለት ይገባል። የአንጀት ድምፅ እስኪሰማ ወይም ሕመምተኛው ጋዝ እስኪያስወጣ መጠበቅ አስፈላጊ አይደለም። ትንሹ አንጀት ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሰዓታት ውስጥ ሥራውን ይጀምራል። ከዚህም በላይ የአንጀት ሽፋን ከሚያልፍበት ምግብ በቀጥታ የሚመገብ አካል ነው፤ ባዶውን ሲቆይ ይሳሳል፤ ተሕዋስያንን የመከላከል አቅሙም ይደክማል።

ምግብ በአንጀት መስጠት የማይገባው ሾኩ ባልተቆጣጠረ፣ አንጀቱ በተዘጋ ወይም ደም ባጣ፣ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ብዙ ደም በሚፈስሰው፣ እንዲሁም የሆድ ውስጥ ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ከፍ ባለበት ሕመምተኛ ነው። አንጀቱ ፈጽሞ ለማያገለግል ሰው በደም ሥር የሚሰጥ የተሟላ ምግብ አለ። ስታንሊ ደድሪክና ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ በፊላዴልፊያ ያዳበሩት ይህ ዘዴ ብዙ ሰዎችን አትርፏል፤ ሆኖም ውድ ነው፤ ለደም ኢንፌክሽንም ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በቤልጂየም የተደረገ ሰፊ ጥናት እንዳሳየውም በጽኑ ሕሙማን ላይ በደም ሥር የሚሰጠውን ተጨማሪ ምግብ ወደ 8ኛው ቀን ማዘግየት ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመጀመር ይልቅ ፈጣን ማገገምና አነስተኛ ኢንፌክሽን አስገኝቷል። ስለዚህ ዘዴው በሌለበት ሆስፒታል የሚሠራ ባለሙያ በእጁ ያለውን የተሻለ መንገድ፣ ማለትም አንጀትን፣ በአግባቡ መጠቀም ይጠበቅበታል።

ምን ያህል ይሰጥ?

ለጎልማሳ ቁስለኛ በአማካይ በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ ኃይልና ከ1.2 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ይታሰባል። ይህ መጠን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ግሉኮስ በምግብ የማይገታ ስለሆነ፣ ከመጠን ያለፈ ምግብ የደም ስኳርን ያንራል፤ ጉበትን ያሰባል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ምርት በመጨመርም አተነፋፈስን ያከብዳል። በትንሹ ተጀምሮ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ሙሉ መጠኑ ማድረስ ተመራጭ ነው። ኩላሊቱ በድንገት የተጎዳ ሕመምተኛ ከፍተኛ የፕሮቲን መጠን ሊጎዳው እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ስላመለከተ፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ዝቅተኛውን መጠን መምረጥ ይሻላል።

የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ180 ሚሊ ግራም ሲያልፍ በኢንሱሊን ይታከማል፤ ከ140 እስከ 180 ባለው መካከል ማቆየትም ይበቃል። ስኳሩን እንደ ጤነኛ ሰው ዝቅ ለማድረግ መሞከር ሞትን እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2009 ከ6000 በላይ ጽኑ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት አሳይቷል። ለረጅም ጊዜ ተስፋ የተጣለበት ተጨማሪ ግሉታሚንም እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት ለከባድ ቃጠሎ ሕሙማን ጥቅም አላስገኘም። የሕሙማን ቤተሰብ ውድ ማሟያ ፍለጋ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህንን ማወቅ ይገባዋል።

በምን ይመገብ?

መዋጥ የሚችል ሕመምተኛ በአፉ ይመገባል። አስታማሚዎች ለቁስለኛ የሚያመጡት አጥሚት፣ የአጃ ሾርባና የአጥንት መረቅ በፍቅር የተዘጋጀ ቢሆንም በአብዛኛው ውሃ የበዛበት፣ ፕሮቲኑም አነስተኛ ነው። አጥሚቱ በውሃ ፈንታ በወተት ቢሠራና ጥቂት ዘይት ቢጨመርበት በዚያው ኩባያ ውስጥ ያለው ምግብ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ሊትር የላም ወተት 32 ግራም፣ 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም፣ 100 ግራም ምስር ደግሞ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን ይይዛሉ። «በደንብ ይመገብ» የሚለው ምክር አስታማሚው ሊፈጽመው የሚችል ትዕዛዝ አይደለም፤ «በቀን 4 እንቁላል፣ 4 ብርጭቆ ወተት፣ ሽሮ በእንጀራ 2 ጊዜ» የሚለው ግን ሊፈጸምና ሊቆጠር ይችላል።

ጾም በዚህ ረገድ በጥንቃቄና በአክብሮት ሊታይ የሚገባው ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አማኞች በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባሉ። ብዙ ሕሙማን የንስሐ አባታቸው ሲፈቅዱላቸው ያለ ጸጸት ይመገባሉ፤ ስለዚህ ቤተሰቡ አባትየውን ወደ ሆስፒታል እንዲጠራ ማድረግ ከክርክር ይሻላል። በእስልምናም ሕመምተኛ በረመዳን እንዳይጾም ተፈቅዶለታል። ሕመምተኛው በጾሙ ከጸና ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አኩሪ አተርና ለውዝ ከእህል ጋር ተቀናጅተው በበቂ መጠን ሊታዘዙለት ይገባል።

መዋጥ ለማይችል ወይም ራሱን ለሳተ ሕመምተኛ በፋብሪካ የተዘጋጀ የቱቦ ምግብ ካለ እርሱ ይመረጣል፤ ይዘቱ የታወቀና ንጽሕናው የተጠበቀ ነውና። ከሌለ ከገበያ በሚገኝ ነገር ማዘጋጀት ይቻላል። ለምሳሌ 1.5 ሊትር የፈላ የላም ወተት፣ 4 በሚገባ የተቀቀሉ እንቁላሎች፣ 50 ግራም ስኳርና 40 ሚሊ ሊትር ዘይት በአንድነት ተፈጭተው ሲጣሩ 1750 ኪሎ ካሎሪና 72 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣሉ። ስኳሩ በ50 ግራም የዱቄት ወተት ቢተካ ፕሮቲኑ ወደ 85 ግራም ከፍ ሲል ኃይሉ 1800 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሆናል፤ የደም ስኳሩ ከፍ ላለ ሕመምተኛም ይህ የተሻለ ነው። ቅልቅሉ ቫይታሚን ሲ፣ ብረትና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ስለሚጎድሉት መልቲቫይታሚን አብሮ ይታዘዛል። ወተቱ ተቅማጥ ካስከተለ ከፊሉን በእርጎ መተካት ይቻላል። ጥሬ እንቁላል ፈጽሞ አይገባበትም። የተዘጋጀው ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ከ24 ሰዓት፣ ከፍሪጅ ውጪ ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ለሕፃናት ከፍተኛ የምግብ እጥረት የሚቀርበው ኤፍ-100 በ100 ሚሊ ሊትር 100 ኪሎ ካሎሪ ቢሰጥም ፕሮቲኑ 2.9 ግራም ብቻ ስለሆነ ለጎልማሳ ቁስለኛ ብቻውን አይበቃም፤ አቅርቦቱም ለሕፃናቱ የተመደበ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በቱቦ ሲመገብ የሚወሰድ ጥንቃቄ

የፊት ወይም የራስ ቅል ሥር አጥንት ስብራት ባለበት ወይም በተጠረጠረበት ሕመምተኛ ቱቦ በአፍንጫ ማስገባት ወደ አንጎል ሊያመራ ስለሚችል በአፍ ይገባል። ቱቦው ጨጓራ ውስጥ መሆኑ በራጅ ወይም የተቀዳው ፈሳሽ ፒኤች 5.5 ወይም ከዚያ በታች መሆኑን በመለካት ይረጋገጣል። አየር ገፍቶ በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ቱቦም ተመሳሳይ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል።

የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ የአከርካሪ ጉዳት ካለ መላው አልጋ ዘንበል ይደረጋል። በየ3 ሰዓቱ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ተጀምሮ ሕመምተኛው ከቻለው በየቀኑ ይጨመራል፤ በቀን 1800 ሚሊ ሊትር በ8 ጊዜ ሲከፈል በአንድ ጊዜ 225 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ቱቦው በ30 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ከጨጓራ የተመለሰው ፈሳሽ ከ500 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነና ትውከት ወይም የሆድ መነፋት ከሌለ ምግቡን ማቋረጥ አያስፈልግም።

ለረጅም ጊዜ ሳይበላ የቆየ ሕመምተኛ

በኢትዮጵያ ብዙ ቁስለኞች ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት ዘግይተው ነው። አንዳንዱ በወጌሻ ቤት ወይም በጸበል ቦታ ቀናት አሳልፎ፣ አንዳንዱም ከሩቅ ገጠር ተጓጉዞ፣ ከአደጋው በፊትም የከሳ ሆኖ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው በርኅራኄ ተነሣስቶ በአንድ ጊዜ ማጥገብ ሊገድለው ይችላል። ምግብ ሲገባ ኢንሱሊን ይመነጫል፤ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ከደም ወደ ሕዋሳት ይገባሉ፤ በደም ውስጥ ያለው መጠናቸው በድንገት ይወርዳል፤ ታያሚንም ያልቃል። ውጤቱ የልብ ምት መዛባት፣ የትንፋሽ ድካም፣ እብጠት፣ መቃዠትና ሞት ሊሆን ይችላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእስር ተፈትተው ምግብ ባገኙ ምርኮኞች ላይ የታየውም ይኸው ነበር።

የሰውነት ክብደት መጠኑ ከ16 በታች የሆነ፣ ባለፉት ከ3 እስከ 6 ወራት ከክብደቱ ከ15 ከመቶ በላይ ያጣ ወይም ከ10 ቀናት በላይ ምንም ያልበላ ወይም እጅግ ጥቂት የበላ ሰው ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው። ምግብም ሆነ ዴክስትሮስ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 100 ሚሊ ግራም ታያሚን ይሰጠዋል። በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 10 ኪሎ ካሎሪ ያህል፣ ማለትም 45 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው 450 ኪሎ ካሎሪ ተሰጥቶ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ማግኒዚየም በየቀኑ ተለክተው ይተካሉ። ላቦራቶሪው ሁሉንም መለካት ካልቻለ የልብ ምትን፣ የትንፋሽ ብዛትን፣ የእግር እብጠትንና የንቃት ሁኔታን በቀን ደጋግሞ መመልከት ግድ ይሆናል።

ቃጠሎ

ከሰውነት ቆዳ ከ20 ከመቶ በላይ የተቃጠለ ሕመምተኛ ሜታቦሊዝሙ ከማንኛውም ሌላ ጉዳት የበለጠ ይፋጠናል። በምድጃ እሳት ላይ የወደቀ የሚጥል በሽታ ሕመምተኛ፣ የፈላ ወጥ የተደፋበት ሕፃን፣ በኬሮሲን ፍንዳታ የተቃጠለች እናት ሁሉም በተከፈተው ቆዳ ሙቀት፣ ውሃ፣ ፕሮቲን፣ ዚንክ፣ መዳብና ሴሌኒየም ያጣሉ። ለእነርሱ ምግብ በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ውስጥ መጀመር ይመከራል። ለጎልማሶች በኪሎ ግራም ከ1.5 እስከ 2 ግራም፣ ለሕፃናት እስከ 3 ግራም ፕሮቲን ይታሰባል።

በ1970ዎቹ ይሠራበት የነበረው የከሪሪ ቀመር በኪሎ ግራም 25 ኪሎ ካሎሪ ላይ ለእያንዳንዱ የተቃጠለ መቶኛ 40 ኪሎ ካሎሪ ይጨምር ነበር። በዚህ ስሌት 60 ኪሎ ግራም የሚመዝንና 40 ከመቶ የተቃጠለ ሰው 3100 ኪሎ ካሎሪ ይታዘዝለት ነበር፤ ዛሬ ግን ቀመሩ ከትክክለኛው ፍላጎት በላይ እንደሚያሳይ ይታወቃል። የተቃጠለውን ቆዳ ቶሎ ቆርጦ በሌላ ቆዳ መሸፈን፣ የክፍሉን ሙቀት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ማድረግና ሕመምን ማስታገስ የሚባክነውን ኃይል ከምግብ ባላነሰ ይቀንሳሉ።

በሕክምናው ምክንያት የሚመጣ ረሃብ

ቁስለኛ ብዙ ጊዜ የሚራበው በራሱ በሕክምናው አሠራር ነው። ለቀዶ ሕክምና የተመዘገበ ሕመምተኛ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ ይቆያል፤ ከሰዓት በኋላ ተራው ሳይደርስ ይቀርና ለማግስቱ ይተላለፋል፤ በማግስቱም እንደዚሁ ይጾማል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ቁስሉ በማደንዘዣ የሚታጠብለት የቃጠሎ ሕመምተኛ በዚህ መንገድ የሳምንቱን ግማሽ ሊራብ ይችላል።

የጨጓራ መዘግየት ለሌለበት ሕመምተኛ ከቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ከውሃና ከሻይ ደግሞ 2 ሰዓት መታቀብ ይበቃል። አዲስ አደጋ የደረሰበት ሰው ጨጓራው ስለሚዘገይ ውሳኔው የማደንዘዣ ባለሙያው ነው። የቀዶ ሕክምናው መሠረዝ እንደታወቀ ለዎርዱ ወዲያውኑ ሊነገርና ሕመምተኛው በዚያው ሰዓት ሊመገብ ይገባል። ያመለጠው ምግብም በቀሪዎቹ ሰዓታት ተከፋፍሎ ይካካሳል።

ክትትልና ማገገም

በየሳምንቱ ክብደት መለካት መልካም ነው፤ ነገር ግን እብጠት የጡንቻን መመንመን ሊሸፍን ስለሚችል የክንድ ዙሪያና የጭብጥ ጥንካሬም አብሮ ይታያል። በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን በብግነት ምክንያት ስለሚወርድ የምግብ ሁኔታን ለመመዘን አያገለግልም። ከሁሉ የሚበልጠው መለኪያ የታዘዘው ምግብና በእርግጥ የተወሰደው ምግብ ጎን ለጎን ተመዝግቦ መታየቱ ነው። የመጣው ሳህን ግማሹ ተመልሶ ከሄደ ሕመምተኛው የበላው ግማሹን ነው።

ጡንቻ ያለ እንቅስቃሴ አይገነባም። ሕመምተኛው አልጋው ላይ መቀመጥ፣ ከዚያም መቆምና መራመድ እንደቻለ ቶሎ መጀመር አለበት። ወደ ቤት ሲላክ በቀን በኪሎ ግራም ከ30 እስከ 35 ኪሎ ካሎሪ ሊያስፈልገው ይችላል። የመውጫ ወረቀቱ ላይ ከመድኃኒቶቹ ቀጥሎ የምግቡ ዓይነትና መጠን ሊጻፍ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም ክብደቱ ሊለካ ይገባል።

ማጠቃለያ

ለዚህ ሕክምና የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ሚዛን፣ የሜትር ጨርቅ፣ ቱቦ፣ መፍጫና ንጹሕ ውሃ ናቸው። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ነው። ሐኪሙ መጠኑን ሲያዝ፣ ነርሷ ሰጥታ ስትመዘግብ፣ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ትዕዛዙን ሲያውቅ፣ አስታማሚውም ምን ያህል ማምጣት እንዳለበት በቁጥር ሲነገረው፣ ሕመምተኛው ከጉዳቱ የተረፈበትን ዕድል በረሃብ አያጣውም። በየጠዋቱ ዙር ላይ የሙቀት፣ የደም ግፊትና የሽንት መጠን በሚጠየቅበት ወቅት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባል፤ ይህ ሕመምተኛ ትናንት ምን ያህል በላ?